የጥንት ግሪኮች አፈ ታሪክና መዛግብት ስለ ተፈጥሮ አደጋዎች የሚሰጡት ምስክርነት

ግሪክ ከአውሮፓ አገሮች ሁሉ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚበዛባት አገር ናት። ከቀርጤስ ደሴት በስተደቡብ የአፍሪካ የምድር ቅርፊት በኤጅያን ባሕር ሥር ወደ ታች እየጠለቀ ስለሚሄድ ምድሯ ደጋግሞ ይናወጣል፤ ከሜታና ባሕረ ገብ መሬት ተነስቶ በሚሎስና በሳንቶሪኒ በኩል እስከ ኒሲሮስ ደሴት የሚደርሰው የእሳተ ገሞራ ሰንሰለትም የዚሁ እንቅስቃሴ ውጤት ነው። በዚህ አገር የኖሩ የጥንት ሰዎች ያዩትንና የደረሰባቸውን አንዳንዱን በአማልክት ተረት፣ አንዳንዱን በታሪክ ጽሑፍ አቆይተውልናል። ከዚህ ቅርስ ስለ ጥንታዊ አደጋዎች ምን ያህል እውነት ማውጣት እንደሚቻል መመርመር የታሪክ ምሁራንን፣ አርኪዮሎጂስቶችንና የሥነ ምድር ተመራማሪዎችን አንድ ላይ የሚያገናኝ ሥራ ሲሆን፣ አፈ ታሪክን ከሥነ ምድር ጋር አጣምሮ የሚያጠናው ዘርፍ ጂኦሚቶሎጂ የተባለውን ስም ያገኘው በ1960ዎቹ ከአሜሪካዊቷ የሥነ ምድር ባለሙያ ከዶሮቲ ቪታሊያኖ ነው።

ይህን ምርመራ የጀመሩት ግን ራሳቸው ግሪኮች ናቸው። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ የግሪክ ክፍል ስለሆነችው ስለ ቴሳሊያ ሲጽፍ፣ አገሩ ቀድሞ በተራሮች የተከበበ ሐይቅ እንደነበረና ውኃው የሚወጣበትን የቴምፔን ሸለቆ የከፈተው ፖሲዶን የተባለው የባሕር አምላክ እንደሆነ የአገሩ ሰዎች እንደሚናገሩ ከገለጸ በኋላ፣ ምድርን የሚያናውጠው ፖሲዶን ነው ብሎ ለሚያምን ሰው አባባሉ ተገቢ እንደሆነ፣ ለእርሱ ግን ተራሮቹ የተለያዩት በመሬት መንቀጥቀጥ እንደሚመስለው ያስረዳል። የአገሬውን ቃል አልናቀም፤ የታየውን ነገር ተቀብሎ፣ ምክንያቱን ለብቻው ለይቶ መዘነው። ዛሬም ቢሆን እነዚህን ጽሑፎች በማስረጃነት ለሚጠቀም ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ይኸው ጸሐፊ ግን ከዚህ ጥንቃቄ የሚርቅበት ጊዜ አለ። በ479 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) የፋርሱ የጦር አዛዥ አርታባዙስ በሰሜን ግሪክ የምትገኘውን የፖቲዳያን ከተማ ከብቦ ሳለ ባሕሩ ከዳርቻው እጅግ ሸሽቶ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ፋርሶች ደረቁን የባሕር ወለል አይተው በከተማዋ በስተጀርባ ወዳለው ወደ ፓሌኔ ለመሻገር ተነሡ። ከመንገዱ ሁለት አምስተኛውን ሄደው ሦስት አምስተኛው ሲቀራቸው፣ የአገሩ ሰዎች አይተነው አናውቅም ያሉት ታላቅ ውኃ ተመልሶ መጣባቸው፤ ዋና የማያውቁት ሰጠሙ፣ የሚያውቁትን ደግሞ የፖቲዳያ ሰዎች በጀልባ ወጥተው ገደሏቸው። የፖቲዳያ ሰዎች ይህ የሆነው ፋርሶች ከከተማው ውጭ ያለውን የፖሲዶን ቤተ መቅደስና ምስል ስላረከሱ ነው አሉ፤ ሄሮዶቱስም በዚህ ተስማማ። ምክንያቱ የእምነት ነው፤ የባሕሩ መሸሽ፣ በመካከል ያለፈው ጊዜ፣ ከዚያም የውኃው መመለስ ግን ዛሬ ሱናሚ የምንለውን ክስተት ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ በመሆኑ በፈጠራ የተገኘ ነው ለማለት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የጀርመን የሥነ ምድር ተመራማሪዎች በዚያው የባሕር ዳርቻ በኃይለኛ ማዕበል የተጋዘ የባሕር ደለል ማግኘታቸውን አስታውቀዋል።

ሌላው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ቱኪዲደስ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ይሄዳል። በ426 ቅ.ል.ክ. በጋ የስፓርታ ሠራዊት አቲካን ለመውረር እስከ ቆሮንቶስ ጠባብ የብስ ድረስ ደርሶ፣ ምድር ደጋግማ ስለተናወጠች ተመለሰ። በዚያው ወቅት በኤውቦያ ደሴት በምትገኘው በኦሮቢያይ ባሕሩ ከዳርቻው ሸሽቶ በግዙፍ ሞገድ ተመለሰና የከተማዋን ከፊል ያዘ፤ ወደ ከፍታ ሮጠው ያላመለጡት ሁሉ ሞቱ። በአታላንታ ደሴት ውኃው ከአቴናውያን ምሽግ ከፊሉን ጠርጎ ከሁለት መርከቦች አንዷን ሰባበረ። በፔፓሬቱስ ደሴት ደግሞ ባሕሩ ቢሸሽም ጎርፍ አልተከተለም፤ መንቀጥቀጡ የከተማውን ግንብ ከፊል፣ የመሰብሰቢያ አዳራሹንና ጥቂት ቤቶችን ብቻ ጣለ። ውኃው ያልመጣበትን ቦታ ጭምር መመዝገቡ የታዛቢነቱን ጥራት ያሳያል። ቱኪዲደስ የነገሩን መንስኤ ሲያስረዳ፣ መንቀጥቀጡ በበረታበት ቦታ ባሕሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ በድንገት በበለጠ ኃይል እንደሚመለስ፣ ያለ መሬት መንቀጥቀጥም እንዲህ ያለ ነገር ሊሆን እንደማይችል እንደሚያምን ጻፈ። የባሕርን ወለል እንቅስቃሴ የሚያውቅበት መንገድ ባይኖረውም ሱናሚን ከመሬት መንቀጥቀጥ ጋር አያይዞ በማስረዳት ከሚታወቁት ጸሐፍት ቀዳሚው እርሱ ነው።

ከሁሉም በላይ ጽሑፍና ምድር ፊት ለፊት የተገናኙት በሄሊኬ ነው። ሄሊኬ በቆሮንቶስ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአካይያ ምድር የነበረች፣ በፖሲዶን ቤተ መቅደሷ የታወቀች ከተማ ነበረች። በ373 ቅ.ል.ክ. ክረምት በአንዲት ሌሊት ከነነዋሪዎቿ ጠፋች። የጂኦግራፊ ጸሐፊው ስትራቦን አደጋው በደረሰበት ዘመን የነበረውን ሄራክሊደስን ጠቅሶ እንደጻፈው፣ ከተማዋ ከባሕሩ 12 ስታዲያ፣ ማለትም ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ብትርቅም ቦታው በሙሉ በውኃ ተሸፈነ፤ አካይያውያን ሬሳ እንዲያነሡ የላኳቸው 2,000 ሰዎችም አንድ ሬሳ እንኳ ማውጣት አልቻሉም። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ቦታውን የጎበኘው ግሪካዊው ሊቅ ኤራቶስቴንስ፣ የነሐስ የፖሲዶን ሐውልት በውኃው ውስጥ ቆሞ የአሣ አጥማጆችን መረብ እንደሚያሰናክል ከጀልባ ቀዛፊዎች ሰምቷል።

ከተማዋ በውኃ ውስጥ ናት የሚለው ቃል ፈላጊዎችን ለረጅም ዘመን ወደ ባሕሩ ወለል መራቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 አርኪዮሎጂስቷ ዶራ ካትሶኖፑሉና ስቲቨን ሶተር የሄሊኬን ፍለጋ በተደራጀ መልክ ጀመሩ፤ የባሕሩን ወለል በድምፅ ሞገድ መርምረው ከተማ ስላላገኙ ፊታቸውን ወንዞች በደለል ወደ ሞሉት ሜዳ አዞሩ። የጥንቶቹ ጸሐፍት የሚሉት ውኃ ባሕሩ ሳይሆን ከዳርቻው ወደ ውስጥ የተኛ ሐይቅ መሰል ረግረግ ሊሆን እንደሚችል አሰቡ፤ ሜዳውንም በመሰርሰሪያ እየወጉ ናሙና አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2001 በሪዞሚሎስ መንደር አቅራቢያ የዘመኑ ሕንፃ ፍርስራሽ በረግረግ ደለል ንጣፍ ሥር ተገኘ። ስለዚህ ጸሐፍቱ የከተማዋን መጥፋትና በውኃ መሸፈኗን በትክክል አቆይተዋል፤ ባሕር ውስጥ ትፈለግ ያሰኘው ቃላቸውን የተረጎምንበት መንገድ ነበር። ፈላጊዎቹ ስፍራውን እንዲያገኙ ያስቻለው ጽሑፉን ሳይጥሉ ደጋግመው ማንበባቸው እንደሆነ ሊታወቅላቸው ይገባል።

በሄሊኬ ዙሪያ የተጻፈው ሁሉ ግን እኩል ክብደት የለውም። አይጦች፣ እባቦችና ጥንዚዛዎች ከአደጋው አምስት ቀን አስቀድመው ከተማዋን ለቀው ወጡ የሚለውን ወሬ የምናገኘው ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ ከጻፈው ከሮማዊው ጸሐፊ ከኤሊያኑስ ነው። ለአደጋው የተሰጠውም ምክንያት የሄሊኬ ሰዎች በፖሲዶን ቤተ መቅደስ የተማጸኑትን አውጥተው ገድለዋል የሚል ነው። ይህን በ464 ቅ.ል.ክ. ስፓርታን ካፈራረሰው መንቀጥቀጥ ጋር ስናስተያየው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ ያኔም ስፓርታውያን በታይናሩም በፖሲዶን መቅደስ የተጠለሉ ባሪያዎችን አውጥተው ስለገደሉ ነው ተብሎ ነበር። ፖቲዳያ፣ ስፓርታ፣ ሄሊኬ፦ በሦስቱም በደሉ በአንዱ አምላክ መቅደስ ላይ የተፈጸመ ነው። ምክንያቱ ከቦታ ቦታ ሲደጋገም የአደጋው መልክ ግን በየቦታው የተለየ ነው፤ የተለየው ክፍል ደግሞ ከአይን ምስክር የመጣ የመሆኑ ዕድል ከተደጋገመው ይበልጣል።

ወደ አፈ ታሪኩ ስንሻገር መሬቱ ይበልጥ ይከብዳል። የቴራ ወይም የዛሬዋ የሳንቶሪኒ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ከ3,500 ዓመታት በፊት የደሴቲቱን መካከል አፍርሶ ባሕር አስገብቶበታል። ግሪካዊው አርኪዮሎጂስት ስፒሪዶን ማሪናቶስ እ.ኤ.አ. በ1939 የቀርጤስን የሚኖአውያን ሥልጣኔ ያጠፋው ይህ ፍንዳታ እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ፤ ከ1967 ጀምሮም በአመድ የተቀበረችውን የአክሮቲሪን ከተማ ቆፈረ። በቤቶቹ ውስጥ የሰው ሬሳ አለመገኘቱ ነዋሪዎቹ አስቀድመው እንደሸሹ ያመለክታል። በእሳተ ገሞራው አመድ ውስጥ የተገኘ የወይራ ቅርንጫፍ በራዲዮካርቦን ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2006 ፍንዳታው በ1627 እና በ1600 ቅ.ል.ክ. መካከል ነው ሲባል፣ የቀርጤስ ቤተ መንግሥታት የወደሙት ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ በመሆኑ የማሪናቶስ አሳብ በነበረበት አልቆመም። የዘመኑ አቆጣጠር ራሱ ዛሬም ያከራክራል።

አርጎ በተባለች መርከብ የተጓዙት ጀግኖች ተረት ከዚህ ፍንዳታ ጋር ብዙ ጊዜ ይያያዛል። ታሎስ የተባለው የነሐስ ግዙፍ ከቀርጤስ ዳርቻ ድንጋይ እየወረወረ መርከቧን ይከለክላል፤ ቀጥሎ በባሕሩ ላይ ከዋክብት እንኳ የማይታዩበት ድቅድቅ ጨለማ ይወርድና አፖሎ የተባለው አምላክ በብርሃን የአናፌን ደሴት ይገልጣል፤ በመጨረሻም ወደ ባሕር የተጣለ ጓል ቴራ ደሴት ሆኖ ይወጣል። አናፌ ከቴራ በስተምሥራቅ ቅርብ ናት። የሚበር ድንጋይ፣ ቀን የሚያስረሳ ጨለማ፣ ከባሕር የሚወጣ ደሴት በአንድ ተረት መገናኘታቸው ልብን ይስባል። ሆኖም ግሪካዊው ባለቅኔ አፖሎኒዮስ ይህን በግጥም የጻፈው ከፍንዳታው ከ1,000 ዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ ተረቱ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። አወዳድሮ ለማየት ስትራቦን የጻፈውን ማንበብ ይበጃል፤ በቴራና በቴራሲያ መካከል እሳት ከባሕር ወጥቶ ለአራት ቀን ባሕሩን ሲያፈላ ከቆየ በኋላ ዙሪያው 12 ስታዲያ የሆነ ደሴት ወጣ፣ ከሮድስ የመጡ መርከበኞችም ቀድመው ወርደው ለፖሲዶን ቤተ መቅደስ ሠሩበት። በዚህኛው ጽሑፍ ውስጥ አምላኩ አለ፤ የተጠቀሰው ግን ሰዎቹ ስለሠሩለት መቅደስ እንጂ ደሴቱን እንዳወጣ ተደርጎ አይደለም። በሜታናም እሳት ተራራ እንዳቆመ፣ ቀን በሙቀትና በድኝ ሽታ እንደማይቀርብ፣ ሌሊት ከሩቅ እንደሚበራ ተጽፏል፤ የቀዘቀዘው ጥቁር የገሞራ ድንጋይ ዛሬም በስፍራው ይታያል።

አንዳንድ ተረቶች ደግሞ የአደጋ ትዝታ ከመሆን ይልቅ ያለውን ነገር ለማስረዳት የተፈጠሩ ናቸው። የፀሐይን ሠረገላ መንዳት አቅቶት ምድርን ያቃጠለው የፋኤቶን ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሮማዊው ኦቪድ ባቆየው መልኩ የሊቢያ በረሃማነትና የኢትዮጵያውያን የቆዳ ጥቁረት ከዚያ ቃጠሎ የመጡ ናቸው ይላል። በግሪኮችና በሮማውያን አጻጻፍ ኢትዮጵያ ከግብፅ በስተደቡብ ያሉ ጥቁር ሕዝቦች ሁሉ አገር ናት፤ ተረቱም ስለ እነርሱ ምድር የደረሰ አንዳች አደጋ የሚያስታውስ ሳይሆን በሩቅ የሚኖር ሰው የቆዳ ልዩነትን ለራሱ ያስረዳበት ነው። ግሪካዊው ፈላስፋ ፕላቶ ግን በቲማዮስ ድርሰቱ አንድ የግብፅ ካህን የፋኤቶን ነገር የተረት መልክ ቢኖረውም እውነቱ የሰማይ አካላት ከመንገዳቸው ማፈንገጥና በረጅም ዘመን ልዩነት የሚመጣ ቃጠሎ እንደሆነ ለአቴናው ሕግ አውጪ ለሶሎን እንደነገረው ይጽፋል። በዚያው ንግግር የአትላንቲስ ደሴት በአንድ ቀንና ሌሊት መስጠም ይተረካል። ፕላቶ ይህን ሲጽፍ የሄሊኬ ጥፋት ከአሥር ዓመት ብዙም ያልራቀ ትኩስ ወሬ ስለነበር፣ ለአትላንቲስ መነሻ ከ9,000 ዓመት በፊት የጠፋች አገር ከመፈለግ ይልቅ እርሱ በሕይወት ሳለ የጠፋችውን ከተማ ማሰብ ወደ እውነት የሚቀርብ ይመስለኛል።

የእነዚህ መዛግብት ጥቅም በታሪክ ፍቅር ብቻ የሚወሰን አይደለም። የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ መሣሪያ ታሪክ ከመቶ ዓመት ብዙም አይዘልም፤ ታላላቆቹ መንቀጥቀጦች ግን በአንድ ቦታ ለመደጋገም ብዙ መቶ ዓመታት ሊወስዱ ይችላሉ። ጁላይ 21 ቀን 365 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ የጻፈው የአንጾኪያ ተወላጅ የሆነው የታሪክ ጸሐፊ አሚያኑስ ባሕሩ ሸሽቶ ሰዎች ዓሣ በእጃቸው ሲለቅሙ ውኃው ተመልሶ ብዙ ሺህ እንደገደለ፣ በእስክንድርያ መርከቦች በቤት ጣሪያ ላይ እንደተቀመጡ፣ እርሱም በደቡብ ግሪክ በምትገኘው በሞቶኔ አጠገብ ከባሕር ርቆ የተጣለ የበሰበሰ መርከብ እንዳየ ይናገራል። የዚሁ መንቀጥቀጥ አሻራ እንደሆነ የሚታሰብ፣ በምዕራብ ቀርጤስ ዳርቻ የጥንቱ የባሕር ጠለል በዓለት ላይ የተወው መስመር እስከ 9 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የፋላሳርና ወደብም ከውኃ ወጥቶ በደረቅ መሬት ላይ ቀርቷል። በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ዳርቻ ሊመጣ የሚችለውን የሱናሚ ስጋት የሚያሰሉ ባለሙያዎች ዛሬ ይህን የአሚያኑስን ጽሑፍና የቀርጤስን ዓለት ከመሣሪያ መዝገብ ጋር አጣምረው ይጠቀማሉ።