ሲጋራ፣ ቬፕ እና እርግዝና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አራት ኪሎ አካባቢ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ለእርግዝና ክትትል የሚመጡትን እናቶች "ሲጋራ ታጨሻለሽ?" ብዬ ስጠይቅ መልሱ "ኧረ በፍጹም!" ነው። "ሺሻስ? ቬፕስ?" ስል ግን አንዳንዷ አንገቷን ትደፋለች። ሴት ልጅ አጨሰች መባሉን ነውር ስላደረግነው ይደብቁናል፤ የሚደበቅ ነገር ደግሞ አይታረምም። ቀስ በቀስ ሲያወሩ የምሰማቸው እነዚህን ነው።

"ቬፕ እንፋሎት ብቻ ነው፤ ጭስ የለውም።"

አንዷ ቬፗን፣ ማለትም በባትሪ የሚሠራውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ። ጣት የምታክል፣ ሐብሐብ ሐብሐብ የምትሸት ነገር ናት። ጎኗ ላይ በደቃቅ ፊደል ኒኮቲን (ትምባሆ ውስጥ ያለው ሱስ አስያዥ ነገር) እንዳለባት ተጽፏል፤ እሷ ግን አላነበበችውም። ኒኮቲን የእናትየዋን የደም ሥሮች ያጠባል፣ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎም ፅንሱ ጋ ይደርሳል። ገና እየተሠራ ያለውን አንጎልና ሳንባ የሚጎዳውም እሱ ነው። በእርግዝና ጊዜ ሲጋራ ካጨሱ እናቶች በተወለዱ ልጆች ላይ አስም፣ ትኩረት ማጣትና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ በብዛት ይታያል፤ ለትኩረቱ ችግር ሌሎች ምክንያቶችም ሊኖሩ ይችላሉ። ቬፕ ከሲጋራ ያነሰ መርዝ አለው የሚባለው እውነት ነው፤ ለፅንስ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። ደግሞም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የቬፕን ሽያጭ ከልክሏል። ስለዚህ ቦሌም ሆነ ፒያሳ በድብቅ የሚሸጠውን ውስጡ ምን እንዳለ የሚቆጣጠር የለም።

"ሺሻ በውሃ ይጣራል።"

ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ ቁጭታ የሚሳበው ጭስ 100 እና ከዚያ በላይ ሲጋራ ከማጨስ ጋር ሊስተካከል ይችላል። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል፤ የፅንስ ደም ደግሞ ከእናቱ ደም ይበልጥ አጥብቆ ይይዘዋል።

"ልጁ ትንሽ ከሆነ ምጥ ይቀላል።"

ይህን ስሰማ ሆዴ ይባባል። የሚያጨሱ እናቶች የሚወልዷቸው ልጆች በአማካይ 200 ግራም ያህል ይቀንሳሉ፣ ያለጊዜያቸው የመወለድ ዕድላቸውም ይጨምራል። ከ2,500 ግራም በታች የተወለደ ሕፃን ብዙ ጊዜ ጡት ለመሳብ አቅም ያጣል፣ ቶሎ ይበርደዋል፣ ኢንፌክሽን ይደፍረዋል። ምጡ ያልፋል፤ እናትየው ግን ልጇን በመስታወት እያየች ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ደጃፍ ላይ ትቀራለች።

"አሁን ባቆም ሕፃኑ ይደነግጣል፤ ደግሞም ረፍዷል።"

አይደነግጥም። ካቆምሽ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከደምሽ ይወጣል፣ ለልጅሽም የተሻለ ኦክስጅን ይደርሰዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያቆመች እናት የምትወልደው ልጅ ክብደቱ ካላጨሰች እናት ልጅ ጋር ይቀራረባል። ሰባተኛ ወርሽ ውስጥ ብትሆኚም ልጁ በደንብ የሚፋፋው በመጨረሻዎቹ ወራት ስለሆነ ማቆሙ ይጠቅመዋል። ብቻሽን ካቃተሽ ንገሪን፤ የምንመክረው አለን፣ አንቆጣሽም።

"እኔ አላጨስም፣ ባሌ ነው።"

ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ መስኮት መክፈት አይበቃም። ያ ጭስ በእርግዝናሽ ጊዜ ላንቺም ለፅንሱም ይተርፋል፤ ከወሊድ በኋላም ሕፃኑ ተኝቶ እያለ በድንገት የመሞት አደጋውን ይጨምራል። እሱም ማቆሙ ነው የሚሻለው፤ እስኪያቆም ከግቢ ውጭ ያጭስ። ለሚቀጥለው ቀጠሮሽ ይዘሽው ነይ፤ እኔ አነጋግረዋለሁ።