«ፓተንት አለው» ማለት «ያድናል» ማለት አይደለም

ፒያሳ በምሠራበት ፋርማሲ፣ ከአሜሪካ የተላከለትን የእርድ እንክብል ይዞ «ፓተንት አለው እኮ!» የሚለኝ ሰው በዝቷል።

ፓተንት የባለቤትነት መብት ነው፤ አዲስ ፈጠራን ሌላው እንዳይቀዳ፣ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ ለ20 ዓመት ይከለክላል። ለምሳሌ እርዱን ሰውነት በደንብ እንዲቀበለው የሚያደርግ አዲስ አዘገጃጀት ፓተንት ሊያገኝ ይችላል። የእማማን ጉልበት ያሽር አያሽር ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ሰፕልመንት (እንደ እርዱ እንክብል ያለ የምግብ ማሟያ) ገበያ ከመግባቱ በፊት እንደ መድኃኒት ፈዋሽነቱ ተመርምሮ አይጸድቅም። ብዙውን ጊዜ ጠርሙሱ ላይ ይህንኑ በደቃቅ ፊደል ጽፈውታል፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ! የሰፕልመንት ምዝገባ ሕግ ግን ከአገር አገር ይለያያል።