ጂዌፕ፦ ገንዘቡ ለማን ነው?

አሜሪካ ውስጥ አረጋውያንን እየተንከባከቡ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። «መንግሥት ለአረጋውያን እንክብካቤ ሥልጠና ገንዘብ ይሰጣል» ሲባል ታዲያ ጆሮ ይቆማል። አዎ፣ ይሰጣል፤ ግን በቀጥታ ለእርስዎ አይደለም።

ጂዌፕ (GWEP) ለዚሁ ለአረጋውያን እንክብካቤ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረ የፌዴራል ፕሮግራም ነው። ገንዘቡን የሚሰጠው ኸርሳ (HRSA) የተባለው የፌዴራል የጤና መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ተቀባዮቹ በአብዛኛው የሕክምናና የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ግለሰብ ማመልከት አይችልም። ሠልጣኙ ግን ተማሪ ብቻ አይደለም። ቤት ለቤት የምትሠራ ተንከባካቢም፣ የመርሳት ችግር ያለባቸውን እናቱን የሚያስታምም ልጅም ይሠለጥንበታል። በአቅራቢያዎ ያለውን ዩኒቨርሲቲ «የጂዌፕ ሥልጠና አላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

ይበልጥ የሚያምታታው በጀቱ ነው። በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ የወጣው የድጎማ ሕግ፣ ኬርስ አክት (CARES Act)፣ ለዚህ ዘርፍ ከ2021 እስከ 2025 በየዓመቱ ወደ 40.7 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዷል። ተፈቀደ ማለት ግን ተከፈለ ማለት አይደለም! ትክክለኛውን መጠን ኮንግረስ በየዓመቱ በሌላ የበጀት ሕግ ይወስናል፤ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ የፈቃዱ ዘመን ቢያልፍ እንኳ፣ ኮንግረስ ገንዘብ እስከመደበ ድረስ ፕሮግራሙ አይቆምም።