ስለ ማትሪክስ ትራንስፖዝ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ረድፉን አምድ ማድረግ ነው፤ በቃ።»

አሠራሩ ይኸው ነው፤ ትርጉሙ ግን ከዚህ ያልፋል። አንድ አናጺ ጠረጴዛና ወንበር ይሠራል እንበል። ጠረጴዛ 4 ሳንቃ፣ 20 ሚስማርና 1 ጣሳ ቀለም ይፈጃል። ወንበር ደግሞ 2 ሳንቃ፣ 12 ሚስማርና 1 ጣሳ። ቁጥሮቹን በሁለት አምድ ስንደረድር ባለ 3 ረድፍ ማትሪክስ ይወጣል፤ ሀ እንበለው። 3 ጠረጴዛና 5 ወንበር ከታዘዘ ሀ ትዕዛዙን ወደ ጥሬ ዕቃ ይቀይረዋል፦ 22 ሳንቃ፣ 120 ሚስማር፣ 8 ጣሳ።

አሁን ዋጋ ይምጣ፦ ሳንቃ 10፣ ሚስማር 1፣ ቀለም 5። የሀ ትራንስፖዝ ሦስቱን ዋጋዎች ተቀብሎ ጠረጴዛው 65፣ ወንበሩ 37 እንደሚያስወጣ ይነግረናል። ሀ ከምርት ወደ ጥሬ ዕቃ ሄደ፤ ትራንስፖዙ ከጥሬ ዕቃ ዋጋ ወደ ምርት ወጪ መጣ። ጠቅላላ ወጪው በየትኛውም መንገድ ቢሰላ 380 ነው። ለማንኛውም ትዕዛዝና ለማንኛውም ዋጋ ሁለቱን ስሌቶች እኩል የሚያደርግ ማትሪክስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ትራንስፖዙ። እኔ ባስተምር ከዚህ ነበር የምጀምረው፤ የረድፍና የአምዱ ግልበጣ ራሱ ከዚህ ይወጣልና።

«ሀ የሠራውን ትራንስፖዙ ያፈርሰዋል።»

ይሄኛው ክፉኛ ያሳስታል፤ ምክንያቱም አንዳንዴ እውነት ነው። 30 ዲግሪ ወደ ግራ የሚያዞር ማትሪክስ ትራንስፖዙ 30 ዲግሪ ወደ ቀኝ ያዞራል። ሁሉንም ቬክተር (አቅጣጫና ርዝመት ያለውን ቀስት) 2 እጥፍ የሚለጥጥ ማትሪክስ ግን ትራንስፖዙ ያው ራሱ ነው። አከታትለን ብንጠቀምባቸው ቬክተሩ ወደነበረበት በመመለስ ፈንታ 4 እጥፍ ይሆናል።

ቁጥሮቹ እውን የሆኑ ማትሪክስ ሁሉ በሦስት ደረጃ ይበተናል፦ ማዞር (ወይም ማንጸባረቅ)፣ በየአቅጣጫው መለጠጥ፣ ዳግም ማዞር። ትራንስፖዝ ማዞሮቹን ይቀለብሳል፤ የመለጠጡን መጠን አይነካም። ኢንቨርስ (ማትሪክሱ የሠራውን በትክክል የሚያፈርሰው ማትሪክስ) ግን እሱንም ይቀለብሳል። የአናጺው ሀ ደግሞ ካሬ ስላልሆነ ኢንቨርስ ጭራሽ የለውም።

«የሀለ (ሀ ሲባዛ በሌላ ማትሪክስ ለ) ትራንስፖዝ የሀ ትራንስፖዝ ሲባዛ በለ ትራንስፖዝ ነው።»

ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ የ«ለ» ትራንስፖዝ ይቀድማል፣ የ«ሀ» ይከተላል። ጉዞው ሲገለበጥ መጨረሻ የረገጥነው ደረጃ መጀመሪያ ይመጣል።

«ሲገለበጥ ሁሉ ነገር ይቀየራል።»

ራንክ (አንዱ ከሌሎቹ ተደምሮ የማይገኝ ረድፎች ብዛት) አይቀየርም። ማትሪክሱ ካሬ ከሆነ ዲተርሚናንትና (ማትሪክሱ ስፋትን ወይም ይዘትን ስንት እጥፍ እንደሚያደርግ የሚለካ ቁጥር) አይገን ቫልዩም (ማትሪክሱ ከመስመራቸው የማያስወጣቸው ቬክተሮች የሚለጠጡበት መጠን) ባሉበት ይቆያሉ። አይገን ቬክተሮቹ (እነዚያው ከመስመራቸው የማይወጡት ቬክተሮች) ግን አብዛኛውን ጊዜ ይለያያሉ፤ ፈተና ላይ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው።