ኩሽኔታ ያለው ሰንጢ ማለት ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ አንድ ሻጭ ሰንጢ እየከፈተ እየዘጋ «ኩሽኔታ አለው፣ ዕድሜ ልክህን አይላላም» ሲል ሰማሁ። ይህችን ነገር ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። ዝም ብዬ አለፍኩ፤ ቤት ገብቼም አልለቀቀችኝም።

ኩሽኔታ፣ ማለት ስለቱ ቀለል ብሎ እንዲዞር የምትገባው ባለ ኳስ ቀለበት፣ ሰንጢን ከመላላት አያድንም። አለቀ።

ስለት የሚወዛወዘው በሌላ ምክንያት ነው። ስለቱ የሚዞርበት ፒን 5 ሚሊሜትር፣ የስለቱ ቀዳዳ 5.1 ከሆነ ኩሽኔታውን በወርቅ ብታሠራውም ስለቱ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። ወደ ጎን የሚለው ደግሞ ብሎኑ ሲላላ፣ ወይም ኩሽኔታው የተቀመጠበት ፊት ለጥ ያለ ሳይሆን ሲቀር ነው። 10 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ኩሽኔታ ላይ የ0.02 ሚሊሜትር ክፍተት ቢኖር፣ 80 ሚሊሜትር የሚርቀው ጫፍ ላይ ስምንት እጥፍ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ቀዳዳውን በቆመ ትራፓኖ እንጂ በእጅ አትብሳ። ስለቱን ከመኪና ባሌስትራ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ሳታጠነክረው ብሳው፤ በኋላ እበሳዋለሁ ብትል የትራፓኖህን ፑንታ ትጨርሳለህ።

ታዲያ ኩሽኔታው ምን ይሠራል? ሰበቃ ይቀንሳል፤ ሌላ ሥራ የለውም። የባጃጅ ጎማ ውስጥ ያለውን ዓይነትም እንዳታስብ። የሰንጢው፣ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ የሆኑ ኳሶች የተሰኩባት ስስ ቀለበት ናት። በስለቱና በእጀታው መካከል ትተኛለች፣ በግራም በቀኝም።

ሊሾ ወለል ላይ የፈሰሰ ሽምብራ ረግጠህ ታውቃለህ? እግርህን ይዞት ይሄዳል። ያንኑ ሽምብራ ዝናብ የመታው ደጅ ላይ በትነህ ርገጠው። ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል እንጂ አይንከባለልም። ኳሶቹ ሽምብራ ናቸው፣ ወለሉ ብረትህ ነው። ስለቱ ግሎ ዘይት ስለጠጣ ሊሾ ነው። የእጀታው ጎን ተራ ላሜራ ከሆነ ግን ጭቃ ነው። የወይራና የቀንድ እጀታማ ረግረግ በለው። ሽምብራው አንድ ልክ ካልሆነ ትልልቁ ብቻ ይሸከማል። አንድ ጥግ እንዳይሰበሰብም የተበሳችው ቀለበት ትይዘዋለች። (ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «ቆሎ ቢሆን ይሻላል» አለች። ልክ ናት፣ ኳሱም መጠንከር አለበት።)

የመጀመሪያዬን ስሠራ ይህን አላውቅም ነበር። ኳሶቹን በቀጥታ ላሜራው ላይ አስቀመጥኳቸው። ሳምንት ያህል በአንድ ጣት ይከፈት ነበር። ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። ስፈታው ላሜራው ላይ ነጥብ በነጥብ ክብ ሠርቷል፣ የእንጀራ ዓይን ነው የሚመስለው። ከዚያ ወዲህ ከኳሶቹ ሥር የጠነከረ ቀጭን የብረት ቀለበት ሳላደርግ አልገጥምም።

«ኩሽኔታ የሌለው ሰንጢ ኋላ ቀር ነው» ለምትለኝ ወንድሜ ደግሞ፦ ጀርባው ላይ ሞላ ያለው የድሮ ሰንጢ ለጥፍር የሚከብደው ሞላው ስለቱን ስለሚጫነው ነው። እዚያ ኩሽኔታ ብትከት ሞላው መጫኑን አይተውም። ሞላ የሌለው ባለ ኩሽኔታ ሰንጢ ደግሞ ሲዘጋ የሚይዘው ነገር ካልተሠራለት ኪስህ ውስጥ ራሱ ይከፈታል። የት አካባቢ እንደሚከፈት አንተው አስበው።

አቧራም አለ። አምና ጎረቤቴ ለአውድማ የሚሆን ሰንጢ ሥራልኝ አለኝ፣ «ኩሽኔታ ያለው» ብሎ። የጤፍ እብቅ ኳሶቹ መካከል ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ፣ በኩሽኔታ ፈንታ ሁለት የነሐስ ሮንዴላ፣ ኳስ የሌላቸው ጠፍጣፋ ቀለበቶች፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ፈትጌ ገጠምኩለት። ከፈተው፣ ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው።

«አየህ» አለኝ፣ «ኩሽኔታ እንዲህ ነው!»