የአዲስ አበባ መሐል ሐውልቶች፦ የሚወራውና እውነታው

ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ አራዳ ጊዮርጊስ የሚወጣው መንገድ ትኬት የማይጠየቅበት፣ ዓመቱን ሙሉ የማይዘጋ የቅርፃ ቅርፅ ኤግዚቢሽን ነው። የምናወራው ግን ሐውልቶቹ ስለቆሙላቸው ሰዎች ብቻ ነው፤ ማን ሠራቸው፣ ከምን ተሠሩ፣ እንዴት ቆሙ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ክፍተቱን ደግሞ ወሬ ሞልቶታል።

«የፈረሱ እግር ጋላቢው እንዴት እንደሞተ ይናገራል»

ይህቺ በየፌስቡኩ የማትጠፋ ወሬ ናት። ፈረሱ ሁለት የፊት እግሮቹን ካነሳ ጋላቢው ጦር ሜዳ ወድቋል፣ አንዱን ብቻ ካነሳ ቆስሎ ሞቷል፣ አራቱንም ከተከለ አልጋው ላይ አርፏል ትላለች። እንዲህ ዓይነት ሕግ የለም። ማስረጃ ከፈለጋችሁ ጊዮርጊስ ሂዱና የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ቀና ብላችሁ እዩ። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንስቶ በኋላዎቹ ነው የቆመው። በወሬው ከሄድን እምዬ አድዋ ላይ መውደቅ ነበረባቸው። እሳቸው ግን ከድሉ 18 ዓመት ያህል ቆይተው፣ በ1906 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ታመው ነው ያረፉት።

ሰው ትኩረቱን እግሩ ትርጉም ላይ ሲያደርግ ዋናው ነገር ያመልጠዋል። የፈረስና የጋላቢ ነሐስ ክብደት በሁለት ቀጫጭን እግሮች ላይ ማሳረፍ የቀራፂዎች ትልቅ ፈተና ነበር። ማድሪድ ውስጥ በ1640 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የፒየትሮ ታካ ሥራ እስከዛሬ የሚጠቀሰው ለዚህ ነው፤ እዚያ የፈረሱ ጅራት ጭምር ክብደት ይሸከማል። የኛንም ሐውልት ዙሩትና ከኋላ በኩል እዩት፤ ከፊት ለፊት ከሚነሳው ፎቶ የበለጠ የሚያስተምረው ያ ጎኑ ነው።

እግረ መንገዴን፦ ሐውልቱን ምኒልክ ለራሳቸው ያቆሙት የሚመስለው ሰውም አለ። አይደለም። ያሠሩት ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው፤ እሳቸውም ምርቃቱን ሳያዩ አረፉ። ሐውልቱ የተመረቀው በ1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫኛ ዋዜማ ነው። ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ ነቅሎ ሰወረው፤ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ጣሊያን የወሰደው አንበሳ ብሔራዊ ቴአትር ያለው ነው»

ሁለቱ አንበሶች ብዙ ስለማይራራቁ ታሪካቸውን ማደባለቅ ቀላል ነው። ሮም ሄዶ የተመለሰው የለገሃሩ፣ ዘውድ የደፋው የነሐስ አንበሳ ነው። ፈረንሳዊው ጆርጅ ጋርዴ የሠራው ይህ ሐውልት የቆመው በዚያው በዘውድ በዓሉ ሰሞን ነበር። ወራሪው ሮም ወስዶ አደባባይ ላይ አቆመው፤ ሮም ላይ ጣሊያኖችን በሰይፍ የተጋፈጠው የዘርዓይ ድረስም ስም የሚነሳው ከዚሁ አንበሳ ጋር ነው። የብሔራዊ ቴአትሩ የድንጋይ አንበሳ ግን ወረራውን አያውቀውም። የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው፤ የቆመውም በ1948 ዓ.ም.፣ ለንጉሡ ዘውድ 25ኛ ዓመት ነው።

ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ደስ ይላል። ጋርዴ የእንስሳ ቀራፂ ስለነበር የሠራው በእርግጥ አንበሳ ነው፤ ጡንቻው፣ ጋማው፣ አረማመዱ ሁሉ አለ። ካልካ ደግሞ ሁሉን ቆራርጦ ማዕዘንና ጠፍጣፋ ገጽ አደረገው። «ይሄ ምኑ አንበሳ ይመስላል?» የሚል ሰው አሁንም አይጠፋም። ለኔ ግን ከሁለቱ የካልካው ይበልጣል፤ በተለይ የማታ ፀሐይ ከጎን ሲመታው እያንዳንዱ ማዕዘን የየራሱን ጥላ ይጥላል።

«የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡሩ ሲባል ፈረሰ»

አልፈረሰም። በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ተነስቶ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ ፒያሳ ተመለሰ። ያኔ የተቆጣው ሰው ሲመለስ ልብ ያለው አይመስልም።

«የደርግ ጊዜ ሐውልቶች ከደርግ ጋር ሄደዋል»

የተነሳው ሌኒን ነው፣ በ1983 ዓ.ም.። የምሥራቅ ጀርመን ስጦታ የሆነው የካርል ማርክስ የድንጋይ ራስ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ አለ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው 50 ሜትር የሚደርሰው የትግላችን ሐውልትም እንደቆመ ነው። እሱን የፓርቲ ሐውልት ብቻ አድርጎ ማየትም ስህተት ነው፤ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን የሚታሰቡበት ነው።

«ቅርፃ ቅርፅ የኛ አይደለም፣ ከፈረንጅ የመጣ ነው»

መሐል ከተማው ሲታይ እውነት ይመስላል፤ ማርክስ የጀርመን፣ አንበሶቹ የፈረንሳይ፣ ትግላችን የሰሜን ኮሪያ፣ የስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ሐውልትም የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ሥራ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ከሐውልት ይልቅ ሥዕልን ስለምትመርጥ ክርክሩ ይጠነክራል። ግን በቡታጅራ መንገድ ከመቶ ኪሎ ሜትር በታች ሂዱና ጢያን እዩ። ሰይፍና ሌላም ምልክት የተቀረፀባቸው 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትም በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ኮንሶዎች ደግሞ ለጀግኖቻቸው ዋካ የሚባል የእንጨት ምስል እየጠረቡ ያቆማሉ። አክሱምን መጥራትም አያስፈልግም።

«አረንጓዴ የሆነ ነሐስ ስለተበላሸ መፈግፈግ አለበት»

ይህቺ ሐውልት ታበላሻለች። ነሐስ ውስጥ ያለው መዳብ ከአየርና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ላዩ ይጠቁራል፣ ቆይቶም አረንጓዴ ይሆናል። ብረት ሲዝግ ዝገቱ እየተቀረፈ ውስጡን ይበላዋል፤ የነሐስ ልባስ ግን እኩል ከያዘና ከጠነከረ የታችኛውን ይከላከላል። በብርጭቆ ወረቀት የፈገፈገው ሰው ቀራፂው በጣቱ ያወጣውን የፀጉርና የጨርቅ መስመር አብሮ ይፍቀዋል። ወርቃማ ቀለም መቀባትም መፍትሔ አይደለም። ቀለሙ ስንጥቁን ሞልቶ ፊቱን ያደነዝዘዋል፤ ሲላጥ ደግሞ ከሥሩ ውሃ ይይዛል። አሳሳቢው አረንጓዴ በነጠብጣብ የሚወጣው፣ ዱቄት የሚመስለውና በጣት ሲነካ የሚረግፈው ነው። እሱ ባለሙያ ይፈልጋል። ለቀረው ለስላሳ ብሩሽ፣ ውሃ፣ ጠንካራ ያልሆነ ሳሙና፣ ሲደርቅ ስስ ሰም ይበቃዋል። ሰሙን ግን ለካልካው አንበሳ አትሞክሩት፤ ድንጋይ እርጥበቱን ማስወጣት አለበት።