ከመኪና ወደ መስመር ኃይል መመለስ ምንድን ነው? ባለ መኪናውስ ምን ሲሟላለት እሺ ይላል?

የኤሌክትሪክ መኪና ቆሞ ሳለ፣ ባትሪው ውስጥ ካለው ጥቂቱን ወደ መብራት መስመሩ መልሶ ለባለቤቱ ክፍያ ያስገኛል። ሐሳቡን የዴላዌር ዩኒቨርሲቲው ዊሌት ኬምፕተን ከባልደረባቸው ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል። የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት አቅም ይዞ በጳጉሜን 2017 ቢመረቅም፣ ምሽት ላይ ምጣዱም ምድጃውም አንድ ላይ ሲሰካ የሚጨነቀው የሰፈሩ ትራንስፎርመር ነው። መኪናው የሚያግዘው ያኔ ነው፤ ሌሊት ጫናው ሲቀንስ መልሶ ይሞላል።

አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 10ሩን ቢሰጥ፣ ምጣዱን ወደ ሦስት ሰዓት ያሠራል፤ ለባለቤቱም 50 ይተርፈዋል። ለዚህ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ ቻርጀርና የገባውንም የወጣውንም የሚቆጥር ቆጣሪ ያስፈልጋል።

ከባዱ ግን የባለቤቱ ፈቃድ ነው። ነገ በጠዋት ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው 300 ኪሎሜትር ያህል ይጠብቀዋል፤ ከደጀን ዓባይ በረሃ ወርዶ ጎሐ ጽዮን መውጣት አለበት። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ እንደ ፍሬን እየያዘ ባትሪውን በጥቂቱ ይሞላል፤ ዳገቱ ግን ከዚያ አብልጦ ይበላል። ይህ ሰው ባትሪው ተራቁቶ ቢያድርበት ማን ይደርስለታል? ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ብትኖርስ? ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ በውጭ አገር የተጠየቁ አሽከርካሪዎችም ይህንኑ ያነሳሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ኃይል የመመለሱ ውል መኪናውን ለረጅም ሰዓት ሲያስር፣ ለጉዞ የሚቀረውም ዋስትና ሲያንስ፣ ሰዎች ብዙ ካሳ ይጠይቃሉ። ወደፊት ከሚታሰብ ክፍያ ይልቅ ቅድሚያ የሚሰጥን ገንዘብ ይመርጣሉ።

ስለዚህ እኔ «ከዚህ በታች አይነካም» የሚለውን ልክ ባለቤቱ ራሱ ካልወሰነ ሕዝቡ እሺ ይላል ብዬ አላምንም። ጉዞ ባለበት ቀንም ያለ ቅጣት «ዛሬ አልችልም» ማለት መቻል አለበት።

ይህን፣ አንዳንድ መኪኖች የኤሌክትሪክ ዕቃ እንዲሰካበት ብቻ ከሚሰጡት ሶኬት ጋር አታምታቱ። ከዚያ ሶኬት ገመድ ስባችሁ የቤቱ ግድግዳ ላይ በፍጹም አትሰኩ፤ መብራት በጠፋበት ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ሊሞት ይችላል። ትክክለኛው መሣሪያ መስመሩ ሲቋረጥ ራሱን ይነጥላል።

ባትሪው በተደጋጋሚ ሲሞላና ሲራገፍ ያረጃል፤ ምን ያህል እንደሚያረጅ በሙቀቱና በሚወጣው መጠን ይወሰናል። ውል የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ኃይል በመመለስ የተጎዳን ባትሪ የሻጩ ዋስትና ይሸፍን እንደሆነ ነው፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን።